በማይበርድ ከተማ «ብርድ መታኝ»

አዴ ሳምቡሳ ይጠብሳሉ። ቦታቸው ድሬዳዋ ውስጥ፣ የከዚራን ሰፈር ከመጋላ በሚያገናኘው መንገድ፣ የባጃጅ ተራው ጥግ ላይ ነው። ሰፈሩ ሁሉ አዴ ስለሚላቸው እኔም አዴ እላቸዋለሁ። ባለፈው ግንቦት ሳል ያዛቸው። ሳምንት አለፈ። ወር አለፈ። አልለቀቃቸውም። «አዴ፣ ሐኪም ቤት ይሂዱ እንጂ» ስላቸው፣ «ብርድ ነው ልጄ፣ ብርድ መትቶኝ ነው» አሉኝ።

ግንቦት ድሬዳዋ ላይ ምን እንደሚመስል የኖረበት ያውቀዋል። ቀኑ ከ35 ዲግሪ ያልፋል። ሌሊትም ቤት ውስጥ አያስተኛም፤ ስንቱ ፍራሹን ግቢ አውጥቶ ነው የሚያድረው። እንዲያም ሆኖ ሳል ሲይዘን የምንከሰው ብርድን ነው። ደረታችን ሲታፈን ብርድ። ሕፃን ትንፋሽ ሲያጥረው ብርድ። አዋቂ ሰው ድንገት ሲወድቅ ደግሞ «ግፊት ነበረበት» ብለን ቀብረን እንመለሳለን። ከጠዋት እስከ ማታ የምንስበውን አየር የሚጠረጥር ሰው ብዙ አላየሁም።

ድሬ ላይ የአየር ወሬ ከተነሣ ሰው የሚያወራው ስለ አቧራ ነው። አይፈረድበትም። ከተማዋ ከሐረርጌ ተራሮች ግርጌ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በሰሜን በኩል ለሽንሌ ሜዳ ክፍት ሆና የተቀመጠች ናት። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ውሃ የለውም፤ አሸዋ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደብን ያው ደቻቱ፣ በበጋ ነፋስ ሲነሣ አሸዋውን ወደየቤታችን ይልካል። ጠዋት የወለወልሽው ጠረጴዛ እኩለ ቀን ላይ በጣት ያስጽፋል።

ግን በጣት የሚጻፍበት አቧራ ከሁሉም የከፋው አይደለም። ከሁሉም የከፋው በዓይን አይታይም።

ነገሩ የመጠን ጉዳይ ነው። የአንድ ራስ ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 70 ማይክሮን ይሆናል። ማይክሮን ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ባለሙያዎች የአየር ብናኝን በሁለት መጠን ይለዩታል። ከ10 ማይክሮን በታች የሆነውን ፒኤም 10 ይሉታል፤ ከ2.5 ማይክሮን በታች የሆነውን ደግሞ ፒኤም 2.5። ይህ ሁለተኛው የፀጉር ውፍረት ለሃያ ወይም ለሠላሳ ቢከፈል የሚገኘውን ያህል ነው። ነፋስ የሚያነሣው አፈር አብዛኛው ትልልቁ ነው። ትንሹ በብዛት የሚመጣው ከሚቃጠል ነገር ነው፦ ከናፍጣ፣ ከቤንዚን፣ ከከሰልና ከእንጨት፣ ከቆሻሻ፣ ከፋብሪካ ምድጃ።

ሰውነታችን ለትልቁ አቧራ ተዘጋጅቷል። አፍንጫ ውስጥ ፀጉር አለ፤ ንፍጥ አለ። የአየር ቧንቧውን ከውስጥ የሸፈኑ በጣም ትናንሽ ፀጉሮች ያለማቋረጥ ወደ ላይ ይጠርጋሉ። የተጠረገው አክታ ሆኖ ይወጣል፤ ሳልም የዚሁ ጽዳት አካል ነው። ፒኤም 2.5 ግን ይህን ሁሉ በር አልፎ ይገባል። መጨረሻ የሚያርፈው ኦክስጅን ወደ ደም በሚሻገርባቸው ስስ የአየር ከረጢቶች ላይ ነው። ከሁሉም ያነሰው ብናኝ ደግሞ እዚያም አይቆምም። ግድግዳውን አልፎ ወደ ደም ይገባል።

ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ጉዳዩ የሳንባ ብቻ መሆኑ ያበቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የአየር ብክለት ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ሳል፣ አስም፣ ቢበዛ የሳንባ ካንሰር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ግምት ከቤት ውጭ ባለው አየር ብክለት ምክንያት ያለ ዕድሜው የሞተው ሰው 4.2 ሚሊዮን ነው። ከእነዚህ ከመቶው 68ቱን የገደላቸው የልብ ሕመምና ስትሮክ ነው። ሥር የሰደደ የሳንባ መዘጋት ሕመም 14፣ የሳንባ ምችና መሰል ኢንፌክሽኖች 14፣ የሳንባ ካንሰር 4 ከመቶ ይይዛሉ። ስለዚህ የተበከለ አየር ከሳንባ ይልቅ በልብና በአንጎል በኩል ብዙ ሰው ይገድላል።

እንዴት ሆኖ? የድሬን ውሃ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ውሃችን ኖራ የበዛበት ነው። ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። የቤት ቧንቧም ከዓመት ዓመት ከውስጥ እየጠበበ ሄዶ አንድ ቀን ውሃው ክር ታህል ትመጣለች። በደም ቧንቧም የሚሆነው በመልኩ ይህን ይመስላል። ብናኙ ሳንባን ሲያስቆጣ ሰውነት እንደ ቁስል ቆጥሮት ይዋጋዋል። ያ ውጊያ በደም በኩል ወደ መላው አካል ይዳረሳል። የደም ቧንቧ ግድግዳ ይቆጣል፣ ስብ ይጣበቅበታል፣ ቧንቧው ይጠባል። ደሙ ራሱ ቶሎ የሚረጋ ይሆናል። ግፊት ይጨምራል። የጠበበው ቧንቧ ላይ የረጋ ደም ሲቀረቀር፣ ልብ ላይ ከሆነ የልብ ድንገተኛ ሕመም፣ አንጎል ላይ ከሆነ ስትሮክ ይባላል።

ይህ የዓመታት ሥራ ነው። ግን የቀናትም ሥራ አለው። አየሩ በጣም በተበከለባቸው ቀናትና በማግሥታቸው በልብ ሕመም ወደ ሆስፒታል የሚገባው ሰው እንደሚጨምር በብዙ አገር ከተሞች ታይቷል። ቀድሞውኑ ልቡ የደከመ፣ ስኳር ያለበት፣ ዕድሜው የገፋ ሰው የመጀመሪያው ተጎጂ ነው። ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል። ልብ ሰውነትን ለማቀዝቀዝ እየሮጠች ባለችበት ሰዓት ሌላ ሸክም ይጫናታል። የድሬ ልብ በበጋ ሁለቱንም ነው የምትሸከመው።

ካንሰሩን በአጭሩ ልበል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2012 (እ.ኤ.አ.) የናፍጣ ጭስን፣ በ2013 ደግሞ የተበከለ የውጭ አየርን በጠቅላላው፣ ካንሰር እንደሚያመጡ በተረጋገጡ ነገሮች መዝገብ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ትምባሆና አስቤስቶስ ያሉት እዚያው መዝገብ ላይ ነው። አደጋው የሲጋራን ያህል ነው ማለት አይደለም፤ ማስረጃው የዚያን ያህል ጠንካራ ነው ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ሲጋራን ላለማጨስ መወሰን ይቻላል። አለመተንፈስ ግን አይቻልም።

የሞት ወረቀት ላይ «አየር» ተብሎ አይጻፍም። ስትሮክ ይጻፋል፣ የልብ ድካም ይጻፋል፣ የሳንባ ምች ይጻፋል። ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። ለንደን ውስጥ ኤላ አዱ ኪሲ ደብራ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። መኪና የሚበዛበት ዋና መንገድ አጠገብ ነበር የምትኖረው። በከባድ አስም ወደ ሠላሳ ጊዜ ገደማ ሆስፒታል ገብታ ወጥታለች። በየካቲት 2013 (እ.ኤ.አ.) ሞተች። እናቷ ነገሩን አልተወችውም። ለዓመታት ከታገለች በኋላ፣ በታኅሣሥ 2020 የሞት ምክንያት መርማሪው የአየር ብክለት ለልጅቷ ሞት አስተዋጽኦ ማድረጉን በይፋ መዘገበ። በእንግሊዝ ታሪክ የመጀመሪያው ነበር። ልብ በሉ፣ ለንደን በ1952 (እ.ኤ.አ.) በአምስት ቀን የከሰል ጭስ ጉም በሺዎች የሚቆጠር ሰው ያጣች ከተማ ናት። ከዚያ ሁሉ ሬሳ በኋላ አንዲት ልጅ ስሟ ወረቀት ላይ እንዲሰፍር ስድሳ ስምንት ዓመት ፈጀ።

ወደ እኛ ልመለስ። ድሬዳዋ ጭስን ከልጅነቷ ታውቀዋለች። ከተማዋ የተወለደችው ከባቡር ነው፣ በ1902 (እ.ኤ.አ.) ሐዲዱ ሲደርስ። የአገሪቱ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለውም እዚሁ ነው፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን። በዚህ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ተመራማሪዎች ጥናት ሠርተው በ2010 (እ.ኤ.አ.) አሳትመዋል። ሠራተኛው ወደ ሥራ ሲገባና ከሥራ ሲወጣ የትንፋሹን ኃይል በመሣሪያ ለኩ። ድንጋይ በሚፈጨበትና ሲሚንቶ በከረጢት በሚሞላበት ክፍል ብናኙ እጅግ ከፍተኛ ሆኖ ተገኘ። እዚያ የሚሠሩት ሰዎች ትንፋሽም በአንድ ፈረቃ ውስጥ ብቻ ቀንሶ ታየ። በአንድ ቀን ሥራ ነው እንግዲህ። ይህ የሆነው በሰው አገር ቢሆን «እነሱ ናቸው» እንል ነበር። የሆነው ግን እዚሁ ደጃችን ነው።

ከፋብሪካ ውጭም አየሩን ሁሉም ሰው እኩል አይስበውም። መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ አየር ማቀዝቀዣ ከፍቶ የሚያልፈውና ለመኪናው መንገድ የሚያሳየው ትራፊክ ፖሊስ አንድ አየር ላይ አይደሉም። ባጃጅ ሹፌሩ በር በሌላት ተሽከርካሪ ውስጥ፣ ከፊቱ ያለው የጭነት መኪና ጭስ ልክ በአፍንጫው ትይዩ ሆኖ፣ ቀኑን ሙሉ ይውላል። ከመንገድ ትንሽ መራቅ ምን ያህል ለውጥ እንዳለው ብዙ ቦታ ተለክቷል። ከተሽከርካሪ የሚወጣው በጣም ደቃቅ ብናኝ ከመንገዱ ዳር ሁለት ሦስት መቶ ሜትር ሲራቅ በከፍተኛ ደረጃ ይቀንሳል። መንገዱ ዳር የሚውል ሰው ግን የት ይራቅ? ገበያው ያለው እዚያው ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳዝኑኝ የመንገድ ጠራጊዎቹ ናቸው። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ገና ሳይነጋ ይወጣሉ። በደረቅ መጥረጊያ ደረቅ መንገድ ይጠርጋሉ። አንድ ቀን ንጋት ላይ ወደ መናኸሪያ ስሄድ አይቻቸዋለሁ፣ የመንገድ መብራቱ ላይ አቧራው እንደ ጉም ቆሟል። አፋቸውን በሻሽ ሸፍነዋል። ሻሽ ትልቁን አቧራ ይይዛል፤ ደቃቁን አይዝም። ያም አቧራ ንጹሕ አፈር አይደለም። የጎማ ፍርፋሪ አለበት፣ የፍሬን ሸራ ብናኝ አለበት፣ ቀን ሙሉ ያረፈ የናፍጣ ጥቀርሻ አለበት። እኛ ጠዋት ንጹሕ መንገድ ላይ እንድንሄድ እነሱ የትናንቱን ቆሻሻ በሳንባቸው ይቀበሉታል። ከመጥረግ በፊት ውሃ ማርከፍከፍ ይህን በብዙ ይቀንሰዋል። ድሬ ውሃ እንደሚቸግራት አውቃለሁ። ለዚህ ግን የሚጠጣ ውሃ አያስፈልግም፤ የታጠበበት ውሃም ይሆናል። ደቃቁን ብናኝ የሚይዝ፣ ኤን 95 የሚባለው ዓይነት ማስክም በዓለም ላይ ውድ ከሚባሉ ነገሮች አይቆጠርም።

ድንጋይ ጠራቢዎቹም አሉ። ድሬ ኮብልስቶን በአገራችን መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ኮብልስቶን ጥሩ ነገር ነው፤ የሰፈር መንገድን ከአቧራም ከጭቃም ገላግሏል። ነገር ግን ድንጋዩን በመዶሻ የሚያስተካክለው ወጣት ከመንገዱ የቀረውን አቧራ ራሱ ይስበዋል። ድንጋዩ ውስጥ ሲሊካ የሚባለው ማዕድን ካለበት ደግሞ ነገሩ ከባድ ነው። ደቃቅ ሲሊካ ሳንባ ላይ ጠባሳ እየጣለ ይሄዳል። ሲሊኮሲስ ይባላል። የሚያድን መድኃኒት የለውም። ለሳንባ ነቀርሳም ያጋልጣል። እዚህም መፍትሔው ውሃ ነው፦ ድንጋዩን እያረጠቡ መጥረብ።

ሕፃናት የተለየ ጉዳይ ናቸው። ሕፃን ከክብደቱ አንጻር ከአዋቂ የበለጠ አየር ይስባል። ቶሎ ቶሎ ነው የሚተነፍሰው። ቁመቱም የመኪና ጭስ መውጫ ትይዩ ነው፤ በእናቱ እጅ ተይዞ መንገድ ዳር ሲሄድ ጭሱ ፊቱ ላይ ነው የሚወጣው። ሳንባው ደግሞ ገና እያደገ ነው። የሰው ሳንባ እስከ ሃያ ዓመት ገደማ ያድጋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያልተሠራ ሳንባ በኋላ አይሠራም። ደቡብ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት አለ። ብክለት በበዛበት ያደጉት ልጆች ሳንባ በደንብ አላደገም። ግን የዚያው ጥናት ሁለተኛ ክፍል ልብ ያሳርፋል። በኋላ አየሩ ሲጸዳ፣ በዚያው ከተማ ያደጉት የቀጣዩ ትውልድ ልጆች ሳንባ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በእርግዝናም ጊዜ ቢሆን ጉዳት አለ። እናት የምትስበው ብክለት ልጁ ክብደቱ ቀንሶ ወይም ቀኑ ሳይደርስ እንዲወለድ ምክንያት ይሆናል።

ብክለት ሰዓትም አለው። ሰማዩ ጥርት ባለበት የበጋ ሌሊት መሬት ቶሎ ይቀዘቅዛል። መሬት አጠገብ ያለው አየር ቀዝቅዞ ከባድ ይሆንና ወደ ላይ አይነሣም፤ ጭሱንም እንደ ክዳን ይይዘዋል። ለዚህ ነው ማታ የተቃጠለ ቆሻሻ ሽታው እስከ ንጋት ሰፈር ውስጥ የሚያድረው። ፀሐይ ስትሞቅ ክዳኑ ይከፈታል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። ከተሽከርካሪ የሚወጡ ጋዞች በኃይለኛ ፀሐይ ሲመቱ ኦዞን ይፈጠራል። ኦዞን ሲባል ሰማይ ላይ ሆኖ ከፀሐይ ጨረር የሚጠብቀንን እናስባለን። እሱ እዚያ ሲሆን ወዳጅ ነው። እኛ ጋ ሲወርድ ግን ሳንባን ይለበልባል፤ አስም ያለበትን ሰው ያስነሣበታል። ከቀትር በኋላ ሱቅ ዘግቶ ጥላ የሚገባው የድሬ ሰው የሚሸሸው ሙቀቱን ነው። ሳያውቀው ከኦዞኑም ይተርፋል።

ቆሻሻ ማቃጠሉ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይህ በእጃችን ያለ ነው። ከበርጫ በኋላ የጫቱ ገረባ ይጠራቀማል። ገረባው ብቻ ቢሆን ቅጠልና እንጨት ነው። ግን ከፌስታሉ ጋር፣ ከውሃ ፕላስቲኩ ጋር፣ አንዳንዴም ከአሮጌ ጫማ ጋር ነው የሚቃጠለው። ፕላስቲክ በዝቅተኛ እሳት ሲነድ ጥቁር ጭስና መርዛማ ኬሚካሎች ያወጣል። አንዳንዱ ዓይነት ዳይኦክሲን የሚባለውን ይፈጥራል፤ እሱ ደግሞ ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። አንድ ጎረቤቴን «አቦ፣ ፌስታሉን እንኳን ለይተው» ስለው፣ «መኪናው መቼ መጥቶ ያነሣልኝና» አለኝ። እውነቱን ነው። ቆሻሻ በሰዓቱ ካልተነሣ ሰው ያቃጥላል። ሰውን ከመገሠጽ በፊት ቆሻሻውን ማንሣት ይቀድማል።

የመኪናውን ጭስ በተመለከተ የሰፈራችን መካኒክ ያስተማረኝን ላካፍላችሁ። ጭስ ቀለም አለው፤ ቀለሙ በሽታውን ይናገራል። ጥቁር ከሆነ ነዳጁ በደንብ አልነደደም፦ ፊልትሮው ተደፍኗል፣ ወይ ነዳጅ የሚረጨው ኖዝል ተበላሽቷል፣ ወይ ጭነቱ ከአቅም በላይ ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ የፒስተኑ ቀለበት፣ ፋሻ የሚሉት፣ አልቋል ማለት ነው። የደንገጎን ዳገት ሲወጣ ጥቁር ጭስ የሚተፋ ተሳቢ አይቶ የማያውቅ የሐረር መንገደኛ የለም። «ፊልትሮ መቀየር ስንት ነው?» አልኩት። «ከሚያባክነው ናፍጣ ያነሰ» አለኝ። ባለመኪናውን ለማሳመን ከዚህ የተሻለ ቃል የለኝም።

ሕግ የለንም እንዳይባል፣ አለን። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይናገራል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከለከለ። ይህ የመጨረሻው ውሳኔ ትልቅ እርምጃ ነው፤ በተለይ መብራታችን ከሞላ ጎደል ከውሃ ኃይል የሚመጣ ስለሆነ። ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡርም በኤሌክትሪክ ነው። ነገር ግን አዲስ መኪና እንዳይገባ መከልከል በመንገዱ ላይ ያለውን አሮጌ መኪና አያጸዳውም። የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ጎማና ፍሬን አለው፣ አቧራ ያነሣል።

ቅርብ ያለው መፍትሔ ዓመታዊው ምርመራ ነው። ቦሎ የሚለጠፈው መኪናው ተመርምሮ ነው። በዚያ ምርመራ ጭስ በመሣሪያ ተለክቶ፣ ያላለፈ መኪና በእውነት ካላለፈ፣ ሌላ አዲስ አዋጅ ሳያስፈልግ ብዙ ነገር ይለወጣል። ከደቻቱ አሸዋ የሚጭነው መኪና ሸራ ይልበስ። የባጃጅ ተራ ከትምህርት ቤት በርና ከሕፃናት ክሊኒክ ደጅ ይነሣ። ዛፍም ይተከል፤ በአማርኛ በከተማችን ስም «ድሬዳዋ ዛፍ» ተብሎ የሚጠራ ዛፍ እያለ የስንቱ ሰፈር መንገድ ራቁቱን ነው። ቅጠል አቧራ ይይዛል፣ ጥላውም ሙቀት ይቀንሳል። ናፍጣውን ግን ዛፍ ብቻውን አይችለውም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) መመሪያውን አጥብቋል። የፒኤም 2.5 ዓመታዊ አማካይ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይላል። ቀድሞ 10 ነበር። ግማሽ ያደረጉት በዝቅተኛ መጠንም ጉዳት እንዳለ ስላዩ ነው። ከዓለም ሕዝብ 99 ከመቶው ከመመሪያው በላይ በሆነ አየር ውስጥ ይኖራል። ይህን ቁጥር የሰማ ሰው «እንግዲያ ሁሉም ያው ነው» ሊል ይችላል። ያው አይደለም። እያንዳንዱ የሚቀንሰው ማይክሮግራም የሚያተርፈው ሰው አለ። የካሊፎርኒያዎቹ ልጆች ሳንባ የነገረን ይህንኑ ነው።

እስከዚያው ለሳል ያለንን ነገር እናስተካክል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የነቀርሳ ምርመራ ይፈልጋል። አየሩ ነው ብሎ ቤት መቀመጥም፣ ብርድ ነው ብሎ ቤት መቀመጥም አንድ ነው። አስም ያለባችሁ፣ የሚነፋው መድኃኒት ሱስ ያስይዛል የሚለውን ወሬ ተዉት፤ አያስይዝም። አንዱ ዓይነት ሲያፍን ወዲያው የሚከፍት ነው። ሌላው በየቀኑ የሚወሰድ፣ ቁጣውን የሚያበርድ ነው። ብዙ ሰው ደህና የሆነ ሲመስለው ሁለተኛውን ያቆማል፣ ከዚያ አቧራ ሲነሣ ይወድቃል። ፊቱ ድንገት የተጣመመ፣ አንድ እጁ የዛለ፣ ንግግሩ የተሳሰረ ሰው ካያችሁ ደግሞ ጊዜ አትስጡ። ምች ነው ብላችሁ ቅጠል አትፈልጉ። ስትሮክ ነው፣ በቀጥታ ሆስፒታል።

አዴ በመጨረሻ ልጃቸው አስገድዷቸው ተመረመሩ። ነቀርሳ የለባቸውም። የአየር ቧንቧዎ ጠቧል ተባሉ። «ሲጋራ ያጨሳሉ?» ብለው ጠየቋቸው። «አስተግፊሩላህ!» አሉ፤ ይህን ሲነግሩኝ ራሱ ደንግጠው ነበር። ቀኑን የት እንደሚውሉ የጠየቃቸው የለም። የሚውሉት በአንድ በኩል የከሰል ምድጃቸውና የሚፈላው ዘይት፣ በሌላ በኩል ሞተር የማይጠፋበት የባጃጅ ሰልፍ ባለበት ነው። የምድጃው ጭስ ድርሻ እንዳለው እሳቸውም ያውቃሉ።

ከልጃቸው ጋር ሆነን ከተራው ወደ ውስጥ በሚገባው መንገድ፣ አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር፣ ቦታ አገኘንላቸው። ነፋስ አለው፣ መኪና አይገባም። ምድጃውንም ጭሱ ወደ እሳቸው እንዳይመጣ አድርገን አዞርነው። ሁለት ሳምንት እዚያ ዋሉ። ሳሉ ቀለል አለላቸው። ሌሊት መተኛት ጀመሩ።

በሦስተኛው ሳምንት ሳልፍ፣ ተመልሰው ባጃጅ ተራው ጥግ ተቀምጠዋል። «ምነው አዴ?» አልኳቸው። ሳምቡሳውን በጋዜጣ እየጠቀለሉ፣ «እዚያ ማን ይገዛኛል ልጄ» አሉኝ።